የማታውቃትን ሴት እንደ እህት የምትወድ ልጅ፦ ስለ ዝነኞችና ስለ ታዳጊዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። አምና ሚኒስትሪ ስትፈተን ከትምህርት ቤቷ ጥሩ ነጥብ ካመጡት አንዷ ነበረች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አንዲት በቲክቶክ የታወቀች ሴት መከተል ጀምራ አነጋገሯም፣ አለባበሷም፣ ሳቋ ሳይቀር ያችኑ ሆኗል። ሌሊት ላይቭ (የቀጥታ ስርጭት) ስትከታተል ታድራለች። ባለፈው ወር ከአባቷ ቴሌብር 4,200 ብር አውጥታ ኮይን (የቲክቶክ መገበያያ) ገዝታበት ለዚያች ሴት ጊፍት (ስጦታ) እንደላከች ደረስንበት። ስንቆጣት ‹እሷ ከእናንተ ትሻለኛለች› አለችን። ስለ ትምህርቷ ሳነሳባት ‹ተምሮ ማን አለፈለት፤ እኔ ታዋቂ ነው የምሆነው› ትለኛለች። አባቷ ስልኩን እሰብረዋለሁ ብሎ ዝቷል። እኔም ይህ የዝነኞች አምልኮ ትውልዱን እንዳጠፋው አምናለሁ። ስልኩን እንንጠቃት ወይስ በሽታ ነውና ሕክምና እንውሰዳት? በነገራችን ላይ፣ ‹ወፍሬያለሁ› እያለች የምሳ ዕቃዋን ሳትነካው ትመልሰዋለች።» (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

ምላሽ፦

የምጀምረው ከጥያቄዎ መጨረሻ ነው። «በነገራችን ላይ» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት የምሳ ዕቃ ጉዳይ ከስልኩም፣ ከገንዘቡም፣ ከትምህርቱም ይቀድማል። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ሆን ብላ ምግብ መቀነስ ስትጀምር፣ ነገሩ በእሷ ፈቃድ ሥር የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ረሃቡን እየለመደ፣ ሐሳቧም በምግብና በክብደት ዙሪያ ብቻ እየተሽከረከረ ይሄድና ልብላ ብትል እንኳ የሚያቅታት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስደው ክብደቷንና ቁመቷን ያስለኩ፣ የደም ግፊቷን ያሳዩ፣ ደም ማነስ እንዳለባትም ያስመርምሩ። የወር አበባዋ ተዛብቶ ወይም ቀርቶ እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ብቻዋን ሆና ሳለ በእርጋታ ይጠይቋት። ከበላች በኋላ ወዲያው መታጠቢያ ቤት የምትገባ፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ የሚያዞራት፣ ፀጉሯ የሚረግፍ ወይም ሌላው ሰው ሳይበርደው እሷን የሚበርዳት ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳዩዋት።

በእኛ አገር ይህ ችግር በጾም ተሸፍኖ ሲያልፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጅቱ ከቤተሰቡ ሁሉ አጥብቃ ስትጾም ቤቱ ደስ ይለዋል፤ ጾሙ ሲፈታ ግን «ሆዴን አሞኛል»፣ «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» የሚል ሌላ ምክንያት ይመጣል። ይህን የምለው ጾምን ለመንቀፍ አይደለም። ጾሙ በተፈታ ማግስት ሳህኗ ላይ ምን እንደቀረ ይመልከቱ ለማለት ነው።

የምሳ ዕቃው ከዝነኞች ጋር ምን አገናኘው ለሚለው፣ ከእኛ በጣም ርቆ የሚገኝ አንድ ቦታ የታየውን ልንገርዎ። በፊጂ ደሴቶች፣ ናድሮጋ በተባለው አካባቢ፣ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ በገባበት ሰሞንና ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 የአካባቢውን ተማሪ ልጃገረዶች ጠይቃለች። በመጀመሪያው ዙር ክብደት ለመቀነስ ብላ ራሷን እንደምታስመልስ የተናገረች አንዲትም ልጅ አልነበረችም፤ በሁለተኛው ዙር 11.3 በመቶዎቹ እንደሚያደርጉት ተናገሩ፤ 74 በመቶዎቹም ቢያንስ አንዳንዴ «ወፍራም ነኝ» የሚል ስሜት እንደሚሰማቸው ገለጹ። ይህ የሆነው ሞላ ያለ ሰውነት በደንብ የተያዘና የተወደደ ሰው ምልክት ሆኖ በሚቆጠርበት አገር ነው። እኛም ዘንድ «ወፈርሽ፤ አማረብሽ» ሲባል ምርቃት እንጂ ስድብ እንዳልነበረ እርስዎ ያውቁታል። ጥናቱ ወሰን አለው፤ በየዙሩ የተጠየቁት ስድሳ ምናምን ልጆች ብቻ ናቸው፤ በሁለተኛው ዙር የተጠየቁትም በመጀመሪያው የተጠየቁት አይደሉም። ቢሆንም ልጅዎ በመስታወት ፊት ቆማ የምታየው ራሷን ብቻ ሳይሆን ከስልኳ የቀዳችውን የሌላ ሰው ገላም ጭምር እንደሆነ ለመረዳት ይበቃል። ያ ገላ ደግሞ በማዕዘን፣ በመብራትና በፊልተር የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልለፍ። ዝነኛን ማድነቅ ትውልዱን አጠፋው የሚለውን እምነትዎን አልጋራም። እ.ኤ.አ. በ1980 ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ፣ አርሲ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወሬውን በሬድዮ ሰምቶ ልቡ ተሰረቀ። ያ ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ምሩፅን አያውቀውም፤ ምሩፅም አያውቀውም፤ ፍቅሩ ከልጅዎ ፍቅር በዓይነቱ የተለየ አልነበረም። የቤተሰቡን ሬድዮ «ልጁን አበላሸው» ብሎ የሰበረ ሰው ቢኖር ኖሮ የጠፋው ምን እንደሆነ አስቡት። የእርስዎና የባለቤትዎ ወላጆችም ቢሆኑ በወጣትነታቸው አፍሮ ያጎፈሩት፣ ቤልቦተም ሱሪ የለበሱት ከአንድ ዝነኛ ቀድተው ነው፤ አያቶቻቸውም በጊዜው «ይህ ትውልድ ጠፋ» ብለዋቸዋል።

ልጆች ለዝና የሚሰጡት ቦታ ከዘመን ዘመን ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነጉድ አይደለም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለታዳጊዎች የሚቀርቡ ተወዳጅ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅቶች የትኛውን እሴት እንደሚያጎሉ በየአሥር ዓመቱ መዝነዋል። ከ16 እሴቶች መካከል ዝና እ.ኤ.አ. በ1997 15ኛ ነበር፤ በ2007 አንደኛ ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ስድስተኛ ወርዶ አንደኛነቱን የጥረት ስኬት ወሰደው። የሌላ አገር ውጤት ስለሆነ በእኛ ላይ እንዳለ አይጫንም፤ ሆኖም «ከእንግዲህ ወዲያ ተስፋ የለም» ለሚል ሰው መልስ ይሆናል።

ታዲያ በኃይሌ ፍቅርና በልጅዎ ፍቅር መካከል ልዩነት የለም ወይ? አለ፤ ልዩነቱ ግን በልጆቹ ልብ ውስጥ ሳይሆን ዝነኛው ለልጁ በሚያሳየው ነገር ላይ ነው። ሯጭን ያደነቀ ልጅ በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ መሮጥ ይችላል፤ ቢደክም ይደክመዋል፤ ቢሻሻል እግሩ ይነግረዋል፤ ማንም አጨበጨበም አላጨበጨበም ሰዓቱ አይዋሽም። በቆጂን የሚያውቅ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ከዚያች የአርሲ ከተማ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል፤ አብዛኞቹንም ገና በልጅነታቸው የያዛቸው የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ነው። የበቆጂ ልጅ ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ስታጠልቅ አየ፤ ነገር ግን ደራርቱ የተነሳችበትን ሜዳ፣ አሠልጣኙንና የሌሊቱን ብርድም አብሮ ያያል። ዝናው ሩቅ ቢሆንም መንገዱ በደጁ ያልፋል። ልጅዎ የምትከተላት ሴት ግን ውጤቱን እንጂ መንገዱን አታሳያትም፤ ምናልባት ራሷም በግልጽ አታውቀው ይሆናል። መንገዱ ያልታየው ልጅ ደግሞ የሚይዘው የቀረውን ነው፤ አነጋገሩን፣ አለባበሱንና ሳቁን።

«በሽታ ነው ወይ» ላሉኝ፣ ባሉኝ ነገር ብቻ ሲመዘን አይደለም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1956 ተመልካች ከቴሌቪዥን ሰው ጋር የሚፈጥረውን ቅርበት አጥንተው «ፓራሶሻል» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ እኔ በአማርኛ የአንድ ወገን ዝምድና እለዋለሁ። አንዱ ሌላውን እንደ ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ሌላኛው ግን መኖሩንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ዝምድና በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ሰው ዝነኛውን ለመዝናኛና ከጓደኞቹ ጋር ለጨዋታ ይከታተለዋል፤ አብዛኛው አድናቂ ያለው እዚህ ነው። በሁለተኛው ደረጃ «እሷን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ» የሚል የልብ ትስስር ይመጣል፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ሰዎች ላይ ጭንቀትና ድብርት በብዛት ይታያል፤ ጭንቀቱ ወደ ዝነኛዋ ገፋቸው ወይስ ዝነኛዋ ጭንቀቱን አመጣች የሚለው ግን በውል አልተለየም። ሦስተኛው «ብታዘኝ ሕገ ወጥ ነገርም አደርግላታለሁ» እስከማለት የሚደርስ ነው፤ እሱ ሕክምና ይሻል። ልጅዎ ከጻፉልኝ ስመዝነው በሁለተኛው ደፍ ላይ ናት፤ የአባቷን ገንዘብ መውሰዷም ችላ የሚባል አይደለም።

የ1956ቱ ቴሌቪዥን ግን መልስ አይሰጥም ነበር። የዛሬው ላይቭ ይመልሳል፤ ከባዱ ነገርም ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ምክር ክፍሌ የመጣች አንዲት የ16 ዓመት ልጅ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ) ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ርዝመቱ ስድስት ሰከንድ ያህል ነው። አንዲት ዝነኛ ላይቭ ገብታ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፉትን ስሞች ቶሎ ቶሎ እያነበበች ታመሰግናለች። ከስሞቹ መካከል የዚህች ልጅ የአካውንት ስም አለ፤ እሱንም አሳስታ ነው የጠራችው። «የኔ ወለላ፣ ኑሪልኝ» አለችና ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ልጅቱ ያንን ቀድታ አስቀምጣዋለች፤ ሲከፋት ትከፍተዋለች። «ቤት ውስጥስ ስምሽን ማን ይጠራል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሲጠሩኝ ዕቃ አቀብይ ለማለት ነው፤ ወይ ደግሞ አጥፍቼ ነው» አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ይህን የምነግርዎት እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ሠርታ፣ ሮጣ፣ ታክሲ ተሰልፋ ማታ ቤቷ የምትገባ እናት የልጇን ስም በፍቅር ለመጥራት አቅም ባይቀራት የሚፈረድባት አይደለችም። ነገር ግን ልጅዎ «እሷ ከእናንተ ትሻለኛለች» ስትል ስድብ ብቻ አድርገው አይስሙት፤ አንድ የጎደላት ነገር እንዳለ እየነገረችዎት ሊሆን ይችላል።

የ4,200 ብሩም ነገር ከዚሁ ይያያዛል። በላይቭ ላይ ባትል የሚባለውን ቁጭ ብለው አንድ ጊዜ ይዩት። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ለአምስት ደቂቃ ያህል ይፎካከራሉ፤ ነጥቡ የሚቆጠረው ተመልካች በሚልከው ጊፍት ነው፤ ትንሿ ጽጌረዳ አንድ ኮይን ነች፤ ትልልቆቹ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኮይን ያወጣሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዝነኛዋ «እንዳታዋርዱኝ፤ የት ናችሁ ቤተሰቦቼ» እያለች ትጮኻለች። እዚያ ቤተሰብ ተብላ የተጠራች የ15 ዓመት ልጅ የምትልከው ገንዘብ በልቧ የግዢ ዋጋ አይደለም፤ ዘመድ ሲቸገር እንደሚዋጣ መዋጮ ነው። ከዚያ መዋጮ ትልቅ ድርሻ ኩባንያው እንደሚያስቀር የነገራት የለም። ላይቩ በእኛ ዘንድ እንዲህ የበዛበት ምክንያትም አለው፤ ቲክቶክ ለቪዲዮ እይታ በቀጥታ የሚከፍልበት አሠራር ለጥቂት አገሮች ብቻ የተከፈተ ነው፤ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያ ከእነሱ መካከል አይደለችም። ስለዚህ የአገራችን ቲክቶከር ገቢ ከፈለገ የሚቀረው ጊፍት መሰብሰብና ማስታወቂያ መሥራት ነው። ሴትዮዋ ክፉ ስለሆነች ላይሆን ይችላል፤ የእንጀራዋ በር በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ለልጅዎ ሲነግሯትም እንዲሁ አድርገው ይንገሯት፤ ዝነኛዋን የሰደቡ ዕለት ልጅዎ ጠበቃ ሆና ትነሳለች፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

ዝነኛ ሰው በጎ ነገር ሊያደርግ እንደሚችልም ይመኑላት። አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2013 የጡት ካንሰር ስጋት የሚያመጣ ዘረመል እንዳለባት ለሕዝብ ስትናገር በአሜሪካ የዚያ ምርመራ ቁጥር በቀናት ውስጥ ከፍ ብሏል። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በዩቲዩብ በተላለፈ የቀጥታ ስርጭት ሕዝቡ እንዴት እንደተረባረበ ሁላችንም አይተናል። ለኮይን መለመኛ የሆነው መሣሪያ ለዚያም ሆኗል።

«ተምሮ ማን አለፈለት» የሚለውን ቃሏን ስንፍና ብለው አይለፉት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ልጅዎ 9ኛ ክፍል ስትገባ የሰማችው ይህንን ነው። በአንድ በኩል ከመቶ ጥቂቶች ብቻ የሚያልፉበት ጠባብ በር፣ በሌላ በኩል እንደ እሷ ካለ ሰፈር የወጣች የምትመስል፣ መኪና የምትነዳ ሴት ሲታዩ፣ የልጅቱ ስሌት ጅል አይደለም፤ የተሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። የፈተናው ውጤት ሲወጣ የወደቁትም ይቆጠራሉ። በቲክቶክ ግን ያልተሳካላቸው አይታዩም፤ ስንት ሺህ ልጆች ቪዲዮ ለቀው ማንም ሳያያቸው እንደቀሩ የሚነግራት ዝርዝር የለም። ይህን ልዩነት ያስረዷት። «ተማሪ፣ ያልፍልሻል» ብቻ ካሉ እውነቱን የያዘችው እሷ፣ የሚዋሹት እርስዎ ይመስላታል።

ስለ ስልኩ የምመክርዎት ቁርጥ ያለ ነው፤ አይስበሩት፤ አይንጠቋትም። ስልኩ ቢሰበር በጓደኛዋ ስልክ ትገባለች፤ ያኔ የምታየውን ማወቅ ቀርቶ ማየቷንም አያውቁም፤ የአባቷ ቁጣ ደግሞ ዝነኛዋ ብቻ እንደምትረዳት ማስረጃ ይሆናታል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ለድርድር አይቀርቡም፤ ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ቤት ይወጣል፣ የገንዘቡ በር ይዘጋል፣ የዕድሜው ውሸት ይታረማል።

የሌሊቱ ሕግ ለእሷ ብቻ አይሁን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የአባቷንም የእርስዎንም ጨምሮ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ቻርጅ ይደረግ። ባትል የሚደምቀው ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ ያጣች ልጅ ደግሞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የምትሰማው ነገር የለም፤ ትምህርቷ የወረደው ከዝነኛዋ ይልቅ በእንቅልፍ እጦት ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ ስንት ሰዓት ይፈቀድ ካሉኝ፣ በወቅቱ የአሜሪካ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች የድብርትና የጭንቀት ምልክት የሚታይባቸው ዕድል እጥፍ እንደሆነ ጠቅሰዋል። ይህ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ከዚያ በታች መቆየት ጉዳት የለውም። እኔ ለእሷ ዕድሜ በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት በቂ ነው እላለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ የቴሌብሩ ሚስጥር ቁጥር ዛሬውኑ ይቀየር። 4,200 ብሩ ደግሞ በዱላ ሳይሆን በዕዳ ይታይ፤ ከኪስ ገንዘቧ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ለአባቷ ትመልስ፤ በደብተርም ራሷ ትጻፈው። አንድ ጊዜ በእጇ የመለሰችው ብር ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለች፤ በኮይን ስም ሲወጣ ግን ብር አይመስልም።

የዕድሜው ነገር ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነው። በቲክቶክ ደንብ አካውንት ለመክፈት ትንሹ ዕድሜ 13 ሲሆን ራስ ላይቭ ለማስተላለፍና ጊፍት ለመላክ 18 መሙላት ያስፈልጋል፤ ከ16 በታች የሆነ ልጅ አካውንት ሲከፈት ጀምሮ ለማያውቁት ሰዎች ዝግ ነው፤ የግል መልእክትም አይቀበልም። ልጅዎ ጊፍት መላክ ከቻለች የልደት ዓመቷን ዋሽታ ሞልታለች፤ ወይም በሌላ ሰው አካውንት ገብታለች ማለት ነው፤ በዋሸችበት አካውንት ላይ ከእነዚህ ጥበቃዎች አንዱም አይሠራም፤ የማታውቀው ጎልማሳ ሰው በግል መልእክት ሊያገኛት ይችላል። አካውንቱ ይዘጋና በትክክለኛው ዕድሜ ሌላ ይከፈት፤ ከእርስዎ አካውንት ጋርም ፋሚሊ ፔሪንግ በሚባለው መንገድ ይገናኝ። ይህን እሷ አጠገብዎ ተቀምጣ እያየች ያድርጉት፤ በስውር ከሆነ ስለላ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሕግ አይደለም፤ ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሃያ ደቂቃ አጠገቧ ቁጭ ብለው የምትወዳትን ሴት አብረዋት ይዩ። መጀመሪያ ላይ አይተቹ፤ «የቷን ነው በጣም የምትወጂው?» ብለው ይጠይቋትና ያስቃትን ነገር እርስዎም ይሳቁበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ጥያቄው ይምጣ፤ ይህ ማስታወቂያ ነው ወይስ ጨዋታ? ማን ከፍሏት ይሆን? መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? ስንት ጊዜ ቀርጻ ይሆን ይህን የመረጠችው? ልጆች የተሠራውን ነገር አሠራር ማወቅ ይወዳሉ፤ የዝናውን መንገድ የምትገልጡላት በዚህ ነው። ታዋቂ ልሁን ካለችም አይሳቁባት። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቪዲዮ ትሥራ፤ ጽሑፉን በወረቀት ትጻፍ፤ ድምፁን ትቅረጽ፤ ኤዲት ታድርግ፤ ፊቷ፣ ዩኒፎርሟና የትምህርት ቤቷ ስም ግን አይታይ። ከወር በኋላ ሥራውን ከወደደችው ሙያ አገኘች ማለት ነው፤ የወደደችው ጭብጨባውን ብቻ ከሆነ ራሷ ትደርስበታለች።

ለባለቤትዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። የዚህች ልጅ አባት ማታ ሲገባ ስለ ስልክ ከመጠየቁ በፊት ስሟን ይጥራ፤ ለዕቃ ሳይሆን፣ ለቁጣም ሳይሆን፣ ስለ ቀኗ አንድ ነገር ለመጠየቅ። በየቀኑ ያድርገው፤ መልስ ባትሰጠውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነገሩ የሚብስ ይመስላል፤ ታኮርፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ሌላ ስልክ ትፈልጋለች፤ በዚህ ጊዜ ሕጉን አያጥፉት፤ አዲስ ሕግም አይጨምሩበት። እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ። ከዚያም በኋላ ከክፍሏ የማትወጣ፣ ጓደኞቿን ሁሉ የተወች፣ እንደገና ገንዘብ የወሰደች ከሆነ በትምህርት ቤቷ አማካሪ ካለ ከእሱ ይጀምሩ፤ ከሌለም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይውሰዷት። ብዙ ወላጅ «አማኑኤል» የሚለውን ስም ሲሰማ ልጄ አበደች የተባለ መስሎት ወራት ያሳልፋል፤ እዚያ የሚመጡት ግን እንቅልፍ ያጡ፣ የተጨነቁ፣ እንደ ልጅዎ ያሉ ተማሪዎችም ናቸው። ሲወስዷት ለቅጣት እንዳልሆነ ቀድመው ይንገሯት። «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ወይም ራሷን የጎዳችበት ምልክት ካዩ ስድስት ሳምንቱ አይሠራም፤ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ እስኪደርሱም ብቻዋን አይተዉዋት።

የምግቡን ምርመራም ከዚህ ሁሉ ጋር አያቆዩት። የምሳ ዕቃው ነገ ሳይነካ ቢመለስም ባይመለስም በዚህ ሳምንት ይሂዱ።